ሳላ ገደል አይወርድም፦ ስለ አዋሽ ገደልና ስለ ዝንጀሮዎቹ ለጠየቅሽኝ

ጥያቄው ይሄ ነበር፦ «ሰሞኑን ከልጆቼ ጋር አዋሽ ፓርክ ሄደን ነበር። ፏፏቴው ጋ ያየናቸው ዝንጀሮዎች አንድ አይነት አይደሉም፣ አንዱ ነጭ ካባ የለበሰ ይመስላል፣ ሌላው ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ መሃል ላይ ነው። ጋይዱ የተዳቀሉ ናቸው አለን፣ እውነት ነው? ሌላው፣ ሜዳው ላይ ጥቂት ሳላ ብቻ ነው ያየነው፣ ከብት ግን ሞልቷል። አንድ ሰውዬ አውሬው ሁሉ ገደሉ ውስጥ ወርዷል አለን። ፓርኩ አልቆለታል ወይስ እውነት ገደሉ ውስጥ ናቸው?»

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሳነብ ደስ ነው ያለኝ፣ ብዙ ሰው ከአዋሽ ሲመለስ የሚያወራው ስለ ሙቀቱና ስለ ፏፏቴው ነው፣ እናንተ ግን ዝንጀሮዎቹን አንድ በአንድ አይታችኋል። እኔ የዱር እንስሳት ባለሙያ ነኝ፣ አዋሽን ከተማሪነቴ ጀምሮ ነው የማውቀው፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። አጭሩን ከፈለግሽ ጋይዳችሁ ልክ ነው፣ የተዳቀሉ ናቸው። ሰውየው ያላችሁ ግን ልክ አይደለም። ሳላ (ረጅምና ቀጥ ያለ ቀንድ ያለው የሜዳ እንስሳ) ገደል አይወርድም። ገደሉ የራሱ ነዋሪዎች አሉት፣ ሜዳውም የራሱ፣ ከሜዳው የጎደለው በቃ ጎድሏል፣ ሌላ ቦታ አልተደበቀም።

መጀመሪያ ገደሉን እንየው፣ ዝንጀሮዎቹም ካለ እሱ አይገቡሽም። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ከደጋው ይነሳና ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። መተሐራን አልፎ ፓርኩ ጋ ሲደርስ ሜዳ ለሜዳ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ይወድቃል፣ እናንተ የቆማችሁበት ቦታ ማለት ነው። ከዛ ወዲያ ወንዙን ከሜዳው ላይ ሆነሽ አታዪውም፣ ገደሉ አፍ ድረስ መቅረብ አለብሽ፣ ግድግዳው በአንዳንድ ቦታ ከ100 ሜትር በላይ ነው። መሬቱ በሙሉ እሳተ ገሞራ የሠራው ነው፣ ስምጥ ሸለቆው እየተሰነጠቀ በተለያየ ዘመን የወጣ ቅልጥ አለትና አመድ ተደራርቦ ነው እንደዛ የሆነው። ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ውሃው ከስር ሲቦረቡረው ቁራጭ ቁራጭ እየሆነ ይናዳል እንጂ ቀስ ብሎ ተዳፋት አይሆንም፣ ገደሉ እንደ ግንብ ቀጥ ያለው ለዛ ነው። ፏፏቴውም በዚሁ አይነት እየተናደ በጣም በዝግታ ወደ ላይ፣ ወደ መተሐራ በኩል እየሸሸ ነው። ለልጆችሽ ገደሉ ፏፏቴው ድሮ የቆመበት ቦታ ሁሉ ነው ብትያቸው ይገባቸዋል። ደግሞ ያለቀ ነገር እንዳይመስልሽ፣ ከፓርኩ የሚታየው ፈንታሌ ተራራ (2,007 ሜትር ነው) መጨረሻ የፈነዳው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ደግሞ አካባቢው ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ብዙ ሰው ቀዬውን ለቆ ነበር፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ሆነን ሲወዛወዝ የተሰማን እኮ የሱ ነው።

አሁን ላይና ታች ያለውን ልዩነት አስቢው። ላይ ሜዳው ላይ በዓመት የሚዘንበው ወደ 600 ሚሊ ሜትር ነው፣ እሱም ዓመት ከዓመት አይተማመኑበትም፣ ፀሐዩ እናንተም አይታችሁታል፣ ግራርና ሣር ነው ያለው። ታች ስትወርጂ ግን ጥላ አለ፣ ክረምት ከበጋ የሚሄድ ውሃ አለ፣ ትልልቅ ሾላና ሁመር ወንዙን ይዘው ቆመዋል። ከላይ ሆነሽ ታች የምታዪው አረንጓዴ ገመድ የሚመስለው ጫካ ማለት ነው። እዛ ጫካ ውስጥ ጉሬዛ አለ! በረሃ ሊባል በሚቀርብ ቦታ ጉሬዛ ማየት መጀመሪያ ላይ ለማመን ይከብዳል፣ ጉሬዛ የዛፍ አናት እንስሳ ነው፣ ቅጠል ነው የሚበላው፣ ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው የዛፍ መስመር ባይኖር እዛ አንድ ቀን አያድርም። ደፈርሳ የሚባለው አጋዘን መሰል እንስሳም ውሃ አጠገብ ነው የሚውለው። ገደሉ ግድግዳ ላይ ሰስ አለች፣ በሰኮናዋ ጫፍ አለት ለአለት የምትዘል፣ ሽኮኮ አለ፣ ሽኮኮውን የሚለቅም ጥቁር ንስር አለ፣ ማታ ነብር አለ። ውሃው ውስጥ አዞ አለ፣ ፏፏቴው ስር ያለውን ኩሬ ከላይ ሆነሽ ከጠበቅሽ ታዪዋለሽ፣ ስለዚህ ልጆችን ውሃ ዳር አታውርጃቸው፣ ማንም «እዚህ ጋ የለም» ቢልሽ አትስሚ። ፓርኩ ውስጥ ከተመዘገቡት ከ450 በላይ የወፍ አይነቶች ብዙዎቹን የምታገኚው ይሄ ሁለቱ አገር የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነው፣ የሜዳውም የጫካውም የገደሉም ወፍ ስለሚመጣ።

ወደ ዝንጀሮዎቹ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ልቆይ ነው እንግዲህ፣ ምክንያቱም አዋሽ በዓለም ሳይንስ ውስጥ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፣ እኛ ግን አገራችን ላይ ሆነን ብዙም አናወራውም።

ያያችሁት ሁለት ዝርያ ነው። ጠቆር ያለው ቡናማ፣ አንዳንዴ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ የሚመስለው፣ አኑቢስ ዝንጀሮ ነው፣ በብዙው የአገራችን ክፍል «ዝንጀሮ» ሲባል የምናውቀው። ነጭ ካባ ያለው፣ ፊቱና መቀመጫው ቀላ ያለው ደግሞ ሃማድሪያስ ነው፣ የቆላና የደረቅ አገር ዝንጀሮ፣ ወደ አፋር፣ ወደ ሐረርና ወደ ሶማሌ በኩል ያለው፣ የጥንት ግብጾች የተቀደሰ ብለው ሬሳውን ሲያደርቁት የኖሩት እሱን ነው። (ብዙ ሰው ካባውን አይቶ ጭላዳ ይለዋል። ጭላዳ አይደለም፣ ጭላዳ የደጋ ነው፣ ሣር በል ነው፣ ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለበት ቀይ ቦታ አለው፣ አዋሽ ላይ አይገኝም።) ካባው ደግሞ ያደጉት ወንዶች ላይ ብቻ ነው፣ የሃማድሪያስ ሴቷ ቡናማ ናት፣ ስለዚህ ቡናማ ያየሽው ሁሉ አኑቢስ አይደለም ማለት ነው።

መልካቸው ብቻ ቢሆን ልዩነቱ ያን ያህል አያስገርምም ነበር። የሚያስገርመው አኗኗራቸው ነው። አኑቢሶች መንጋ ሆነው ነው የሚኖሩት፣ ብዙ ወንድ ብዙ ሴት አንድ ላይ፣ ሴቶቹ የተወለዱበት መንጋ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ይቆያሉ፣ ወንዶቹ ሲያድጉ ለቀው ሌላ መንጋ ይሄዳሉ፣ ሴቷም የፈለገችው ወንድ ጋ ጊዜዋን ታሳልፋለች። ሃማድሪያስ ጋ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል፣ አንድ ወንድ ጥቂት ሴቶችን ይይዛል፣ ሁሌ ከኋላው እንዲከተሉት ነው የሚፈልገው፣ አንዷ ራቅ ካለች ያፈጥባታል፣ ካልመጣች ሄዶ አንገቷን ይነክሳታል፣ እሷም እየጮኸች ትከተለዋለች። እንደዚህ አይነት ትንንሽ ቤተሰቦች ተሰባስበው ነው ማታ ገደል ላይ ከነብር ሸሽተው በብዛት የሚያድሩት፣ ጠዋት ይበተናሉ። ዛፍ በሌለበት አገር ገደል ነው ቤታቸው።

እንግዲህ ካርታውን አስቢ። ከፏፏቴው በላይ ወንዙ ሜዳ ላይ ነው፣ ዳሩ ላይ ረጃጅም ዛፍ አለ፣ አኑቢሶች ናቸው ያሉት። ከፏፏቴው በታች ገደሉ ይጀምራል፣ አገሩም ወደ ታች በሄድሽ ቁጥር እየደረቀ ይሄዳል፣ ራቅ ስትዪ ንጹህ ሃማድሪያስ ታገኛለሽ። በመሃል ያለው የገደሉ ክፍል ላይ ነው የሚገናኙት፣ እናንተ በመልክ «መሃል ላይ ነው» ያላችሁት ደግሞ የሁለቱ ልጅ ነው። የሚወልዱት መካን አይደለም፣ እንደ በቅሎ አይደሉም፣ ራሳቸውም ይወልዳሉ፣ ስለዚህ አንዱ ሩብ ነው፣ አንዱ ሦስት አራተኛ ነው፣ ለዚህ ነው እናንተ መልካቸውን መለየት ያቃታችሁ። ድቅሎቹ እዛ መኖራቸው ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቃል፣ ከዛ ወዲህ እነ ክሊፎርድ ጆሊና ጄን ፊሊፕስ ኮንሮይ የሚባሉ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት እየተመላለሱ ዝንጀሮዎቹን በወጥመድ እየያዙ፣ አደንዝዘው ደም እየወሰዱ፣ ምልክት እያደረጉ እየለቀቁ ተከታትለዋቸዋል።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ኩመርና ባልደረቦቹ ያደረጉት ሙከራ ነው። አኑቢስ ሴቶችን ይዘው ሃማድሪያስ መሃል ለቀቋቸው። በሕይወታቸው ወንድ ተከትለው የማያውቁ ሴቶች ናቸው እንግዲህ። የሃማድሪያሱ ወንድ ወዲያው ይነዳቸው ጀመር፣ ሲርቁ ነከሳቸው፣ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ብዙዎቹ መከተል ተማሩ። በተቃራኒው ሃማድሪያስ ሴቶችን አኑቢስ መንጋ ውስጥ ሲለቁ ደግሞ የሚነዳቸው ወንድ ሲያጡ በአጭር ጊዜ መከተሉን ተዉት። ከዚህ የምንረዳው የሴቷ ጠባይ በአብዛኛው ከወንዱ የምትማረው ነው፣ የወንዱ የመንዳት ጠባይ ግን እንደዛ በቀላሉ የሚቀየር አይደለም፣ አብሮት የተወለደ ነገር ያለ ነው የሚመስለው። ማስረጃው ደግሞ አዋሽ ላይ ያሉት ድቅል ወንዶች ናቸው፣ አንዳንዱ ካባ አብቅሏል ግን ሴቶቹን ሲነዳ ግማሹን ጀምሮ ይተወዋል፣ ሴቷ ስትሄድበት ያያል፣ ትንሽ ይከተላታል፣ ከዛ መመገቡን ይቀጥላል። ይሄን ለማየት የተለየ መሣሪያ አያስፈልግሽም፣ ገደሉ አፍ ላይ ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ዝም ብለሽ መቀመጥ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልለምንሽ። ልጆቹ ብስኩት ሰጥተዋቸው ከሆነ (አልሰጡም ይሆናል፣ ግን ፏፏቴው ጋ የሚመጣ ሰው አብዛኛው ይሰጣል) ሁለተኛ እንዳይሰጡ። ዝንጀሮ አንዴ ከሰው እጅ መብላት ከለመደ ሰው ባየ ቁጥር ይቀርባል፣ ካልሰጡት ይነጥቃል፣ ወንዱ ክራንቻው ከነብር አያንስም፣ የሚጎዳው ልጅ ነው፣ ከዛ በኋላ ደግሞ «አስቸጋሪ ሆነ» ተብሎ የሚባረረው ወይ የሚገደለው እሱ ነው። ሌላው ጉዳት ብዙም አይወራም፣ ምግብ አንድ ቦታ ላይ ሲከማች በተፈጥሮ ተራርቀው የሚውሉት ቡድኖች አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፣ በስንት ዘመን የተፈጠረ ድንበር በብስኩትና በሙዝ ልጣጭ ይቀያየራል። ፕላስቲኩን አላነሳሁም እንኳን፣ ገደሉ ውስጥ ነፋስ የጣለው ፌስታል ማን ወርዶ ያወጣዋል?

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ሳላ የሜዳ እንስሳ ነው። ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ቀን መቆየት ይችላል፣ ከሚበላው ነገር እርጥበቱን ያብቃቃል፣ ስለዚህ ውሃ ፍለጋ ብሎ ገደል የሚወርድበት ምክንያት የለውም፣ ሩጫውም ለሜዳ ነው የተሠራው። የሜዳ ፍየሏም እንደዛው፣ ትንሿ እንሹም ቁጥቋጦ ስር ነው ያለችው። ቀንዱ የተጠማዘዘው አምበራይሌ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ግራር ውስጥ ስለሚቆም አጠገቡ አልፈሽው ሳታዪው ትሄጃለሽ። በስንት ሰዓት እንደገባችሁ አልነገርሽኝም፣ እኩለ ቀን ላይ ከነበረ ያላያችሁት ቁጥር የፓርኩን ሁኔታ አያሳይም፣ በዛ ሙቀት ሁሉም ጥላ ስር ነው፣ ኢላላ ሳላ ሜዳን ገና ጎህ ሲቀድ ገብታችሁ ብታዩት የተለየ ነው። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ጠዋትም ብትገቢ የድሮውን ያህል አይደለም።

ለምን? ብዙ ሰው ቶሎ የሚመልሰው «ከብት ገባበት» ብሎ ነው። ከብቱ አለ፣ አይካድም፣ ሣሩን ይጋራል፣ ሣሩ ሲሳሳ ቁጥቋጦው ቦታውን ይይዛል፣ ሜዳው ቁጥቋጦ ሲሆን ደግሞ ሳላ ይለቀዋል፣ ሩቅ ማየት የማይችልበት ቦታ አይወድም። ግን ከብቱ ለምን እዛ ደረሰ ብለሽ ካልጠየቅሽ ግማሹን ነው የያዝሽው። ፓርኩ የተቋቋመው በ1966 ነው (እ.ኤ.አ.)፣ በ1969 በሕግ ታወጀ፣ ወደ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ተብሎ ተከለለ። ያ መሬት ባዶ አልነበረም፣ የከረዩና የኢቱ ኦሮሞ፣ በሰሜን በኩል የአፋር አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሽና የውሃ መንገድ ነበር። በዛው ዘመን ወንዙ ዳር ያለው ለም መሬት ወደ ሸንኮራ አገዳ እርሻ ሄደ። በጋ ሲመጣ የሚሸሹበትን መሬት በሁለት በኩል ነው ያጡት፣ ከብታቸው ግን በጋ ሲመጣ አሁንም መብላት አለበት። እኔ ሥራዬ እንስሳቱን መጠበቅ ነው፣ ግን ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ የትኛው ቦታ በየትኛው ወር ይዘጋል የትኛው ይከፈታል ሳይባባሉ ዘበኛ ብቻ አቁሞ ሳላን ማዳን ይቻላል ብዬ አላምንም፣ ከ50 ዓመት በላይ ተሞክሯል፣ ውጤቱን አንቺም አይተሽዋል። በዛ ላይ የጅቡቲው አስፋልት ፓርኩን ለሁለት ቆርጦት ነው የሚያልፈው፣ ሌሊት ከባድ መኪና የሚገጫቸው እንስሳት አሉ፣ ስለዚህ ድሬዳዋ ስትሄጂ ከመተሐራ እስከ አዋሽ ሰባት ድረስ ሹፌሩን ቀስ በል በይው።

ገደሉስ? ገደሉ ራሱን በገደልነቱ ጠብቋል፣ ከብት እንደልቡ አይወርድም፣ እርሻ አይታረስበትም፣ ሰው ቤት አይሠራበትም። ለገደሉ የምሰጋው ከጎኑ ለሚመጣ ነገር ሳይሆን ከላይ በወንዙ ለሚመጣው ነው። አዲስ አበባ ነው የምትኖሪው ብዬ ልገምት፣ ቀበናም ባንተይቀጡም አቃቂ ይገባሉ፣ አቃቂ አባ ሳሙኤልን አልፎ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ቆቃ ይገባል፣ ከዛ ወንጂን፣ መተሐራን አልፎ ልጆችሽ «ዋው» ያሉበት ፏፏቴ ላይ ይወድቃል። የፋብሪካው ፍሳሽ፣ የቤታችን ሳሙና፣ ከእርሻው የሚታጠበው ማዳበሪያና መድኃኒት ሁሉ በዛ መንገድ ነው የሚሄደው፣ ጉሬዛው የሚኖርበት ዛፍ ሥር ድረስ። የውሃው ቡናማ ቀለም ደግሞ ከደጋው የታጠበ አፈር ነው፣ ቆቃ ግድብ በ1960 (እ.ኤ.አ.) ከተሠራ ጀምሮ ብዙውን እያስቀረ ራሱ በደለል እየሞላ ነው። ግድቡ የወንዙንም ጠባይ ቀይሮታል፣ በጋ ላይ ለመብራትና ለመስኖ ስለሚለቀቅ ፏፏቴው አይደርቅም፣ ክረምት ላይ ግን የድሮው ትልቅ ጎርፍ አይመጣም። ለእኛ ጥሩ ይመስላል፣ ሆኖም የወንዝ ዳር ዛፎች ብዙዎቹ ዘራቸው የሚበቅለው ጎርፍ አዲስ ደለል ሲያነጥፍላቸው ነው፣ እኔ ገደሉ ውስጥ ስሄድ ሁሌ የምፈልገው ትልልቁን ሾላ አይደለም፣ ከስሩ ችግኝ አለ ወይ የሚለውን ነው።

በሰቃ ሐይቅም አለ፣ መተሐራ መግቢያ ላይ መንገዱ ዳር ያያችሁት። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትንሽ ኩሬ ነገር ነበር፣ ወደ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፣ ውሃው ጨዋማ ነው፣ ፍሎራይዱም ከፍተኛ ነው፣ ከተማውንና መንገዱን እንዳይውጥ እየተባለ በቦይ ወደ አዋሽ እንዲፈስ ተደርጓል። ያ ውሃ ከፏፏቴው በላይ ነው የሚቀላቀለው። ወንዙ ቀጭን በሆነበት ወር ብዙ ከተለቀቀ ታች ያለው ዓሣም አዞም፣ ከዛ በታች ከወንዙ የሚጠጣው ሰውም ያንን ነው የሚያገኘው፣ ስለዚህ መቼና ስንት ይለቀቅ የሚለው የመተሐራ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የመጨረሻው ስጋቴ ፕሮሶፒስ ነው። በረሃማነትን ይከላከላል፣ ጥላ ይሆናል ተብሎ በ1970ዎቹና 80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ አዋሽ ተፋሰስ የገባ እሾሃማ ዛፍ ነው፣ ታች በአፋር በኩል ስንት የግጦሽ መሬት ወርሷል። ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ ከብቱም ፍየሉም ከርከሮውም ይበላዋል፣ ዘሩ አይፈጭም፣ ከእበት ጋር ወጥቶ ይበቅላል፣ ጎርፍም ይወስደዋል። ሥሩ ጥልቅ ነው፣ ቆርጠሽ ብትጥይው ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ወንዝ ዳር ደግሞ በጣም ነው የሚወደው። አንዴ ገደሉ ውስጥ በደንብ ከያዘ ትራክተር አይወርድለትም፣ ሰው በገመድ ወርዶ ነው የሚነቅለው፣ ስለዚህ መነቀል ያለበት ገና ጥቂት እያለ ነው፣ ሲያዩት ችግኙን ከነሥሩ የሚነቅሉ እረኞች አሉ፣ ለእነሱ ክፍያ ቢኖር እኔ ከሁሉም ፕሮጀክት በፊት እሱን ነበር የማስቀድመው።

እና «አልቆለታል ወይ» ላልሽኝ፣ አላለቀለትም። ሜዳው ተጎድቷል፣ ሣር ግን ዕረፍት ካገኘ ይመለሳል፣ ሳላም ዘሩ አልጠፋም። ገደሉ ደግሞ ገና ሕያው ነው። ዝንጀሮዎቹን ፎቶ አንስታችሁ ከሆነ ላኪልኝ፣ ከፏፏቴው በላይ ይሁን በታች፣ የትኛው በኩል እንዳነሳችሁት ጻፊበት፣ ትልቁን ወንድ ከጎንና ከኋላ የሚያሳይ ካለ ይሻላል፣ የካባውን ርዝመት፣ የፊቱን ቀለምና የጭራውን አያያዝ አይቼ ወደየትኛው እንደሚያደላ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ።